የጋራ ክዳን

ቀበሌ ሄድሁ፤ «ማመልከቻ አስገቢ» አሉኝ፤
አስገባሁ። «ኮሚቴ ያየዋል፣ ተመለሺ» ብለው ሸኙኝ።
ተመለስሁ። ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበረ፤
የእኔ ጣራ ግን ስብሰባ አያውቅም፣ ሲያፈስ አደረ።

ሦስት ሳፋ፣ አንድ ባልዲ፣ የሸክላው ድስት ጭምር፣
ሌሊቱን ሙሉ በየተራ፣ ጠብ… ጠብ… ሲቆጥሩ ቁጥር።
ሰፈሬ እሪ በከንቱ ነው፤ ስም አውጪው ማን እንደሆነ አላውቅም፣
ብቻ ጣራ የሚያፈስበት ተከራይ ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ቅዳሜ፣ ገና በማለዳው፣ ምን አለሽ ተራ ሄድሁ፤
ግማሽ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ባለ ቆቡን፣ መረጥሁ፤
ካትራሜ በወተት ጣሳ፣ የካላማዳሪ ቁራጭ፣
አንድ ያገለገለ ቆርቆሮ፣ ጠርዙ እንደ አዲስ ምላጭ።

ሻጩ ጠየቀኝ፤ «ባለሙያው የታለ? ቀኑን ቆረጠልሽ?»
«ባለሙያዋ እኔ ነኝ» ስለው፣ ሳቀና፣ «እግዜር ይርዳሽ»
አለኝ። ምራቂ ግን ጨመረልኝ፣ አምስት ይሁን ስድስት፤
«ለሚጣመመው ነው» ብሎ። (እውነቱን ነበር፤ ጠመሙ ስምንት።)

አባቴ አናጢ አልነበረም፤ ከቴሌ ነው ጡረታ የወጣው፤
ግን መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ በጥይት ሣጥን ትቶልኝ ነው የሞተው።
የመዶሻው እጀታ የአውራ ጣቱን ጎድጓዳ ይዟል፤
የእኔ ጣት አትሞላውም፤ ግን ያው፣ ይይዛል።

መሰላል የለኝም።
መሰላል ያለው ጋሽ ሽብሩ ነው፣ ባለ ጋራ ግድግዳ ጎረቤት።
ከጋሽ ሽብሩ ጋር ደግሞ አንነጋገርም፣ ድፍን ሁለት ዓመት፤
በሽንት ቤት ቁልፍ ነው። ማን እንደጣለው ዛሬም አልታወቀም።
እኔ አልጣልሁም። እሱም አልጣለም። ቁልፍ ግን ራሱን አይጥልም።

ጠረጴዛ ላይ በርሜል፣ በርሜል ላይ ወንበር ደረደርሁ፤
ቀሚሴን ቋጥሬ፣ የወንድሜን ሱሪ ከስር አጥልቄ፣ ወጣሁ።

ከላይ ሲያዩት ሰፈር ሌላ ነው፤ ዝገት በዝገት ተደግፎ፣
ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ፣ ጎማ፣ የተሰበረ አልጋ አቅፎ፤
ወዲያ ማዶ የመስታወት ፎቆች፣ ፀሐይዋን ለብቻቸው ይዘው፣
ወዲህ እኔ በአራት እግሬ፣ ቀዳዳ ፍለጋ የምዳክረው።

ፈለግሁ። በእኔ በኩል ያለው ሚስማር ሁሉ ጤነኛ ነው።
ውሃው የሚገባው ከዚያ፣ ከጋሽ ሽብሩ ወገን ነው፤
አንድ ረጅም ቆርቆሮ፣ ከእሱ ራስጌ ተነስቶ፣
ግድግዳችንን ሳያውቅ አልፎ፣ እኔ አልጋ ላይ ተኝቶ።
እሱ ጋ ይቀደዳል፤ እኔ ጋ ያለቅሳል።
ለካ ያን ሁሉ ሳፋ የደረደርሁለት የእሱ ዝናብ ኖሯል!

ምን ላድርግ? ተሻገርሁ። ጉልበቴን በእሱ ጣራ ላይ አሳርፌ፣
የመጀመሪያውን ሚስማር ጓ! አደረግሁ፣ ትንፋሼን ቆልፌ።
ከታች ሬዲዮው ዝም አለ። በሩ ተከፈተ። ሳል።
አየኝ። አየሁት። በካልሲ ብቻ ቆሟል፣ ግቢው መሀል።
ምንም ሳይል ተመልሶ ገባ። ቀበሌ ሊጠራ ነው አልሁ፤
መሰላሉን ተሸክሞ ሲወጣ፣ መዶሻዬን ልጥል ደረስሁ።

አስደገፈው፤ እግሩን በእግሩ ረገጠ፤ ቀና ሳይል ወደ እኔ፣
«የግራዋም ላልታለች» አለ፣ «ነፋስ ሲነሳ እሰማታለሁ እኔ።»

ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ቃል፣ ይኸው ነው፣ ወጣ፤ አለቀ።
የግራዋን መታሁ። እጄ በካትራሜ እስከ ክርን ተለቀለቀ።

ሌሊት ዘነበ።
አልጋው ላይ ጠብታ የለም። በጆሮዬ ተከተልሁት፤
ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሌላ ቦታ፣ ጠብ ሲል ያዝሁት።
ሳፋውን በእግሬ ገፋሁለት፣ ሁለት ስንዝር ያህል።
ግድግዳው ማዶ ጋሽ ሽብሩ ሳለ፤ ነቅቷል፣ እሱም ያዳምጣል።

መሰላሉ ጠዋት እኔ ደጅ ነበር።
አልመለስሁም። እሱም አልጠየቀኝ።
እሑድ አሸንዳውን እናያለን።