ትርጉም በእኔ

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የአጉማስ ቪዲዮ ቤት፣
አግዳሚው ባሕር ዛፍ፣ ሃምሳ ሳንቲም መግቢያው ለአንድ ሌሊት።
እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቁጢጥ፣ ማይክ በእጄ፣
ሕንዱን በአማርኛ አስለቃሽ፣ ቻይናውን አስፎካሪ በደጄ።

አንድ ቅዳሜ ሾፌሩ ውባንተ ካሴት ይዞ ከአዲስ አበባ
«ጀርመንኛ ነው፣ ሽጉጥ ያለውም አይመስለኝ» ብሎ ገባ።
ጀርመንኛ? የማውቀው አንድ ቃል ነው፣ ወፍጮው ላይ የተጻፈ፣
እሱም የፋብሪካ ስም፣ ግማሹ ቀለሙ የተገፈፈ።

ተጀመረ። አንድ ወጣት፣ ደብተር በብብቱ፣
ጫማውን ሳያስር ወጣ፣ ቆማ አየችው እናቱ።
ባቡር ያዘ። ወረደ። ሄደ። ቆመ። ደብተሩን ገለጠ።
ምንም አልጻፈም። ዘጋው። ደግሞ ሄደ።
አግዳሚው አጉረመረመ፤ «ምን አለ? ምን አለ ልጁ?»

ምን ልበል?
«እናቴ» አልኩ፣ «አትጠብቂኝ፤ የምጽፈው ነገር አለኝ፣
ምን እንደሆነ አላውቅም፣ መንገድ ላይ ነው የሚያገኘኝ።»
ጸጥ አሉ።
ባቡሩን የኮሶበር አውቶቡስ አደረግሁት፣
ወንዙንም ፈጣም ብዬ ጠራሁት።
አንዲት ሴት ከጎኑ ተቀምጣ ረጅም ነገር ተናገረች፤
«ጽሑፍህን አንብብልኝ» አልኩላት። እውነቱን ግን ምን አለች?
ምናልባት ሰዓት ጠይቃው ነው። ምናልባት የቲኬት ዋጋ ነው።
እኔ ግን ከፍራሼ ሥር ያሉትን፣ ማንም ያላየልኝን ስንኞች
በልጁ አፍ አነበብኩላት፣
የሃያ ሦስት ዓመት ዝምታዬን ቡሬ በማይክ ሰማው።

መብራት ሄደ።
ልጁ ገደል አፋፍ ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር።
«መጨረሻውስ?» አሉኝ ከጨለማው።
«ተመለሰ» አልኩ በባዶ ጉሮሮ፣ «አገባ። ሱቅ ከፈተ።»
ከኋላ ይታይሽ፣ የመናኸሪያዋ ትኬት ቆራጭ፣ ሳቀች፤
«ዋሸህ! ስንቱን መንገደኛ ሸኝቻለሁ፣
ያ የሚመለስ ሰው አረማመድ አይደለም።»

ጎሕ ሳይቀድ በውባንተ አይሱዙ፣ ከድንቹ ላይ፤
ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጂጋ፣ ደምበጫ፣
አማኑኤል፣ ማርቆስ፣ ሉማሜ።
በየከተማው ደብተሬን ገለጥኩ፣ በየከተማው ዘጋሁ።
አማኑኤል ላይ አንድ መስመር መጥቶልኝ ነበር፣
አንዲት ሴት «ዶሮዬን ያዝልኝ» ስትለኝ ጠፋኝ።

ደጀን። ውባንተ ፍሬኑን ሊያይ ወረደ።
ከታች ዓባይ የለም፣ ጭጋግ ብቻ፣
ነፋሱም አንድም ቃል በማልሰማው ቋንቋ ያወራል።
አፋፉ ላይ ቆሜ ሳላውቀው አንድ እግሬ ተነሥቷል።
ውባንተ ከጎማው ሥር አንገቱን አውጥቶ
«እሺ፣ ምን አለ ልጁ?» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት።
እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎ
መዳፌ ላይ እየሞከርኩት ነበር።