ሰባተኛዋ

አንዱ ተራራ ያነሳል፤ አንዷ እሳት ትተፋለች፤
መንትዮቹ በግንብ ሾልከው ያልፋሉ፤
አምስተኛው ይበራል፤ ስድስተኛዋ ነገን ታያለች።
ሰባተኛዋስ?
ማርጎ ፔል የእጅ ባትሪ ይዛለች።

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ከልብስ ሰፊው ሥር ምድር ቤት፤
የጊልበርት ዴጃርሌ ሱቅ፣ አሮጌ ወረቀት የሚሸትበት።
ጥር ነው፤ ውጭ የቆመ ሰው ሽፋሽፍቱ በረዶ የሚያበቅልበት።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ዶላር ከሃምሳ በመዳፌ በላብ ርሶ፣
ዓይኔ «የሐይቁ ዘብ» ቁጥር ዘጠኝ ላይ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ደርሶ።

የአክስቴ ልጅ ይድነቃቸው ግን እንደ ስሙ አይደለም፤ አይደነቅም።
«ይቺ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣች? አትበርም፣ ድንጋይ አትሰብርም!
የአውቶቡስ ተራ አስከባሪ! ጥይት አይመልስ ኮቷ፤
ተወራረድ ከፈለግህ፣ በሚቀጥለው ነው መሞቷ።»
ተወራረድን፣ በአንድ ካርቶን ዶናት።
አልሞተችም። ለብቻዬ በላሁት።

እሱ የሚያየው መሃሉን ነዋ! ፍንዳታው ገጹን ሞልቶ፣
ቀዩ ከቢጫው ተላትሞ፣ ፊደሉ እንደ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ወጥቶ።
እኔ ግን ከታች፣ በግራ ጥግ፣ አውራ ጣት በምታክል ሣጥን ውስጥ፣
ከንፈሯን ነክሳ የምትቆጥረዋን ነበር የማየው፦
የገባውን። የወጣውን።
«አንድ ይጎድላል» ትላለች።
ይኸው ነው ኃይሏ። አንድ ይጎድላል።
ተራራ አንሺው ተራራውን እንደ ተሸከመ ይዞራል፤
በራሪው ከደመና ይወርዳል፤
ያን አንድ ሕፃን ፍለጋ፣ በእሷ ባትሪ፣
ስድስት ኃያል ወደ ጭሱ ይመለሳል።

ደብተርም አላት። እሳት ተፊዋ ክብሪት ሲጫር እንደምትደነግጥ፣
ከተኳረፉት መንትዮች የቱ ቀድሞ ለእርቅ እንደሚቀመጥ፣
በራሪው ከፍ ባለ ቁጥር ጆሮውን እንደሚያመው፣
ነገን የምታየዋ የዛሬ ምሳዋን እንደምትረሳው፣
ሁሉም እዚያ ነው፣ በእርሳስ።
«የሳላት ሰውዬ እናቱ ነርስ ሳትሆን አትቀርም» አለኝ ጊልበርት፣ ሳንቲሜን ሲመልስ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክሙ፣ ለሃምሳው ጌጡ ይባላል፤
ሎሚውን ማን እንዳከፋፈለ ግን ተረቱ ዘሎት ያልፋል።

ቁጥር ሃያ ሦስት፣ እንዴት እጄ እንደገባ ኋላ እናገራለሁ፣
ማርጎ ጉንፋን ይዟት ተኛች።
ጠላት እንኳ አልመጣም፤ ጎርፍ ብቻ። ስድስቱ ያለ እሷ ወጡ፤
ሁለቱ ወደ ምሥራቁ ድልድይ፣ አራቱ ወደ ምዕራቡ ሮጡ፤
ወንዙ ማንም ባልቆመበት በኩል ሰበረ።
የመጨረሻው ገጽ ቃል የለውም፦
ስድስት እርጥብ ካባ በአንዲት ሴት በር ላይ ቆሞ፣
ተራራ አንሺው በሁለት እጁ የሾርባ ድስት ተሸክሞ።

ባለፈው ኅዳር ሱቁ ተዘጋ። ይድነቃቸው ከካልጋሪ መጣ፤
ጸጉሩ አልቋል። ለልጆቹ ስለ ማርጎ ፔል ሲተርክ ሰማሁት፤
ዶናቱን ግን አላነሳም።
እኔና እሱ፣ የጊልበርት የልጅ ልጅ ሬኔም፣ ካርቶኖቹን ወደ መኪናው አወጣን።
ጊልበርት፣ ጉልበቱ ደረጃውን እምቢ ስላለው፣
ከላይ በሩ ላይ ወንበር ይዞ፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፦
«ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሃያ አራት።»
እርሳሱ ቆመ።
«አንድ ይጎድላል» አለ፣ ደብተሩን ሳይሆን እኔን እያየ።
ለካ ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ከጃኬቴ ሥር ስሸሽግ፣
ጀርባውን የሰጠኝ አይቶ ኖሯል፣ እንዳላየ።

ሬኔ ሳቀች። ይድነቃቸው በስንት ዘመኑ ተደነቀ።
እኔ በረዶው ላይ ቆሜ፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣
ኪሴን ፈተሽኩ። ሁለት ዶላር ነበረኝ፤
ሃምሳ ሳንቲም ጎደለኝ።