ከጀርባው ምን አለ?

የጋሽ ወርዶፋ ቤት፣ ከቁምሳጥኑ ኋላ፣
ጠመንጃው በአንድ በኩል፣ ጥይቱ በሌላ፤
ቁልፉ በጥቁር ክር ካንገቱ ተንጠልጥሎ፣
ሲታጠብም እንኳን አያኖረው ጥሎ።

"ባዶ ነው" አልኩና ሰደፉን ሳነሳ፣
እጄን ቀስ ብሎ ያዘ፣ ፈገግታውን ረሳ።
"ባዶ የሚባል የለም። ከፍተህ ካላየኸው፣
እኔም ባዶ ብልህ፣ አንተ ጎርሷል በለው።
አፉን ወደ መሬት፣ ጣትህን ከቃታ አርቅ፤
አብሮህ የሚሄደው የት እንዳለ እወቅ።"
ትንሿን ጣቴን ይዞ ማጉረሻው ውስጥ ከቶ፣
ብረቱን አስዳሰሰኝ፣ ባትሪውን አብርቶ።

(ስለ ወንድሙ እግር ያን ቀን አልነገረኝም፤
በብረት ድጋፍ ነው ቶሎሳ የሚሄደው፣ እኔም አልጠየቅኩም።)

ጥቅምት ነው። ድንቹ ደርሷል። ከአባዶ በላይ፣
የከርከሮ መንጋ አለ፣ ቀን ቀን የማይታይ፤
ሌሊት በአፍንጫው ትልሙን እያረሰ፣
የአራት ወር ልፋት በአንድ አዳር የጨረሰ።
ቀበሌ የሰጠው ወረቀት በኪሱ፣
አምስት ጥይት ቆጥሮ፣ ወጣን እኔና እሱ።

አጥሩን ስንሻገር ጥይቱን አወጣ፤
እኔ አስቀድሜ፣ ጠመንጃው ኋላ መጣ።
አፈሙዙን ወደ ሜዳው አዙሮ ሰጠኝ፤
"ከርከሮው ቀጠሮ የለው፣ አትቸኩል" አለኝ።

ጨረቃ የለችም። ከጽዱ ሥር አድፍጠን፣
ብርዱ ካጥንት ሲደርስ፣ በጆሯችን ብቻ ቀርተን፣
ኮሽ አለ።
"ተኩስ!" አልኩት በሹክሹክታ፤
"ኮሽታ ፊት የለውም" አለኝ በዝግታ።
"ላምም ኮሽ ትላለች፣ ሰካራምም እንደዚያው፤
ክራንቻውን ሳላይ ማነው ብዬ ልጥራው?"

ከዚያ ግን ብቅ አለ። ወንድ ከርከሮ ነው፤
ጎኑን ሰጥቶን ቆመ፤ ሕፃን እንኳን አይስተው።
ጋሽ ወርዶፋ አጉርሶ ሰደፉን አስጠጋ፤
ትንፋሹን ቆለፈ። ጠበቅኩ። ሌሊቱ ረጋ።

አልተኮሰም።

"ከጀርባው ምን አለ?"
ከከርከሮው ጀርባ፣ ከሸለቆው ማዶ፣
መብራት በመብራት ነው፤ አባዶ ነው፣ አባዶ።
አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ፤
ልብስ የምታነሳ ሴት ናት፤ ጥላዋ ተጎተተ።

"ልጅ ሳለሁ" አለኝ "እዚያ ገብስ ነበር ያኔ፣
የሳትኩትን ጥይት የሚውጥልኝ ለኔ።
አሁን ያ ማሳ ደረጃ አውጥቷል፣ የቤት ቁጥር አለው፤
የወጣ ጥይት ደግሞ፣ ተመለስ ቢሉት ጆሮ የለው።"

ከርከሮው ድንች በላ። እየሰማነው በላ።
ሁለት ትልም ጨርሶ ሄደ በጽዱ ኋላ።
ጋሽ ወርዶፋ ከፈተ። ጥይቷ መዳፉ ላይ ወደቀች፤
ትሞቅ እንደሆን ነካኋት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች።

ጠዋት ሰፈሩ ሳቀ፤ "ባዶ እጁን መጣ" አለው።
ከአጥሩ ዘንድ፣ ብረቱን ተደግፎ፣ ቶሎሳ ብቻ ነው ያልሳቀው።
"ስንት ይዘህ ሄድክ?"
"አምስት።"
"ስንት ይዘህ መጣህ?"
"አምስት።"
ቶሎሳ ራሱን ነቀነቀ፤ እያነከሰ ገባ ቤት።