ቀድሞ የገባ

ሐምሌ ሊወጣ ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
ከፒያሳ እስከ ሆጤ ከተማው ያስላል።
እኔ ላቦራቶሪ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ደሴ እያሳለችም ስታንቀላፋ እንኳ የማልተኛ፣
ቁጭ ብዬ አነባለሁ የሰውን አፍንጫ፤
ማን ገብቶ እንዳደረ፣ ማን እንዳጣ መውጫ።

የሁለት ወንድማማች ናሙና ደረሰኝ፣
የዘይነባ ልጆች። እሷን ማን ይረሳል!
ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ ስትሰፍር
ገዢው እየከፈለ፣ እያነጠሰ ይመለሳል።

ሙሄ ነው ትልቁ፣ አሊጋዝ ታናሹ፤
ከአንድ ብርድ ልብስ ስር ነው ቁሩን የሚሸሹ።
ሙሄን ኢንፍሉዌንዛ ጣለው እንደ ግንድ፣
አጥንቱን ሰባብሮ፣ ግንባሩ እስኪነድ።
ያ ንፍጣሙ ግና፣
ሳምንት ሙሉ እጅጌው ከንፍጡ ያልጸዳ፣
ልጆች ለኳስ እንኳ የሚሸሹት ከሜዳ፣
ትኩሳት አልነካው። ወረቀቱ የሚለው፦
ተራ ጉንፋን ብቻ። ሌላ እንግዳ የለው።

ዶክተር ወሰንየለህ ምሳ ላይ ሲያስረዳን
ሳንባን ይመስለዋል በቧንቧ ውሃ ግቢ፦
ክፍሉ ብዙ፣ በሩ አንድ፣ ሁሉም ተከራይ።
ቀድሞ የገባው ሌባ ደካማ ቢሆንም
ኮሽ ማለቱ አይቀርም።
ያኔ አንዱ ክፍል ግድግዳ መትቶ ሌላውን ያነቃዋል፣
መቀርቀሪያውን ሁሉም ይጥለዋል።
ትልቁ ሽፍታ ከኋላ ሲደርስ
ሰፈሩ ነቅቷል፤ ይመለስ።

ግን ዘበኛም ያንቀላፋል።
ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ውለታው ያልፋል።

ለዘይነባ ምን ልበል? «ንፍጡ ነው ያዳነው»?
ነገ ሰፈሩ ሁሉ «እሾህን በእሾህ ነው»
ብሎ ሕፃኑን ሁሉ ከንፍጣም ሊያጋድም!
አልጋ ዘጠኝን ያየ ይህን ተረት አይደግም።

ሐያት፣ ስድስት ወሯ፣ ባለፈው ሰኞ።
አንድ ወረቀት፣ ሁለት ስም።
እዚያ ማን ነቅቶ ነበር ግድግዳ የሚመታ?
አንዱ መሰላል ያዘ፣ ሌላው ወጣ በማታ።
ትንፋሿ እንደ ቦርከና በግንቦት ቀጠነ።
«ለምን እዚያ ተጣልተው፣ እዚህ ፍቅር ሆነ?»
ዶክተሩን ጠየቅሁት። ሻዩን አማሰለ፣
አማሰለ፣ አማሰለ፣
«እንጃ» አለ።

የሙሄን ፈረምኩ፣ የአሊጋዝን ፈረምኩ።
ጓንቴን አውልቄ እጄን በሳሙና ሳሽር
አነጠስኩ።
«ይማርሽ» የሚል የለም፤ ክፍሉ ባዶ ነበር።
አፍንጫዬን ያዝኩና በሹክሹክታ፣ እንደ በር
ጠባቂ፣ «ማን ነህ?» አልኩት። «ብቻህን ነህ? ወይስ
ሌላም አለ ከኋላህ በመንገድ የሚደርስ?»