ዘፋኝ ያልታወቀ

ከብርኖ ጣቢያ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሃዲድ ከሚያይ ቤት፣
የትራም ሽቦ ጠጋኝ ነኝ፤ እንቅልፌ ቀን፣ ሥራዬ ሌሊት።
አሥራ አራት ሺህ ዘፈን አለኝ፣ ከሦስት መቶ ስድስት፤
አንዱ ስሙን አያጣ፣ አንዱ ረድፉን አይስት።
ቤቴ ዘፈን ሞልቶት ዝም ያለ ነው፤ ይግረማችሁ፣
ሳስተካክል ኖሬ ላዳምጥ ጊዜ አላገኘሁ።

ሁለት ሎሌዎች አሉኝ፣ ደሞዝ የማይጠይቁ፣
አንዴ ከጫንኳቸው ወዲህ ከኮምፒውተሬ ያልራቁ።
አንደኛው የሙዚቃው ነው፤ ግራጫ፣ ሽማግሌ፣
ሠሪዎቹ የረሱት፤ ልክ እንደ እሱ ነው አመሌ።
አልበሙን በዓመት፣ ዘፋኙን በፊደል ይደረድራል፤
አንዲት ሰረዝ ብትጎድል ቀይ ያበራል።

ሁለተኛው የሥራው ነው።
ከጋራዥ ስመለስ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣ አወርድለታለሁ፦
አምፖል ግዛ፤ ጥርስህን ታይ፤ ለዝላታ የበረዶ ቦት፣ እለዋለሁ።
የኩሽናውን ቧንቧ ጠግን።
ለሊቦር ደውል።
ያልሠራሁትን አይቆጣም፤ ምላስ የለው፣ ወግ ያውቃል፤
እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ እንደ ወንዝ አሻጋሪ ሰው
ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣
ሥራዬን አዝሎ ወደ ነገ ያሻግራል
ጫፏን እንኳ ሳያረጥበው።

ቧንቧው ዘጠና ጊዜ ተሻገረ።
ሊቦር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ከማዶ አደረ።

ታላቅ ወንድሜ ነው። የእናታችን ቤት ለእኔ ሲደርስ፣
ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሳለ፣ አንድ ቃል ወረወረ፤
እኔም አልነፈግሁትም፣ የባሰ ቃል ነበረኝ።
ከዚያ ወዲህ ኦሎሞውትስ፣ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ፣
ባሕር ማዶ ሆነችብኝ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ዝላታ
ከምድር ቤት ያገኘቻቸውን ካሴቶች ወደ ፋይል ገልብጣ፣
በረዶውን ከትከሻዋ አራግፋ፣
ጣት በምታክል ፍላሽ ሰጥታኝ ሄደች።
ሽማግሌው ዋጣቸው፤ ደረደረ፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ቀይ አበራ፦
ዘፋኝ ያልታወቀ። ትራክ ሰባት። ዓመት ባዶ፣ ዓይነት ባዶ። ስሙን ጥራ!

ስም ለመስጠት ማድመጥ ግድ ነውና ከፈትኩት።
መጀመሪያ የካሴት ሽርርታ።
ከዚያ አኮርዲዮን፣ አንድ ቁልፉ ሁሌም እዚያው ላይ የሚሰናከል፤
የሴት ሳቅ፤ ፉጨት፤ በሳቁና በፉጨቱም መካከል
ጠብ።
ጠብ።
ጠብ።

አቆምኩት። ኮምፒውተሩ ዝም አለ።
ኩሽናው ግን ቀጠለ።
ጠብ።
ይኸው ቧንቧ፣ ይኸው ቤት፣ ይኸው የተላጠ ገንዳ፤
ለሊቦር ከበሮ መቺው ነበር፤ እኔ የጻፍኩት እንደ ዕዳ።
ይህን ሁሉ ዓመት ምቱን ያልሳተ፣
ዘፈኑ ጥሎት ቢሄድም፣ ብቻውን መምታት ያልታከተ።

ሣጥኖቹን ሞላኋቸው፦
ዘፋኝ፦ ሊቦር በአኮርዲዮን፣ እናቴ በሳቅ፣ ቧንቧው በምት።
ዓይነት፦ ኩሽና።
ዓመቱን ግን አላወቅሁም፤ እሱ አይጠፋውም አልኩና
ስልኩን አነሳሁት።

«ሃሎ» አለ። ድምፁ ሻክሯል። እኔ ቃል አልወጣኝም፤
ስልኩን ይዤ ወደ ገንዳው ሄድኩ፤ ከዚያ የተሻለ ሽማግሌ የለኝም።
ጠብ።
ጠብ።
ረጅም ዝምታ። ከዚያ፣ ጉንፋን በያዘው አፍንጫ፦
«አንተ... ያ ቧንቧ እስከ ዛሬ አልተሠራም?»

ብዙ አላወራንም።
ዓመቱን መጠየቁን ረሳሁት፤ ሣጥኑ አሁንም ቀይ ያበራል።
«ቧንቧ ጠግን» የሚለውን ሰረዝኩት፤ ተሠርቶ አይደለም፤ ይንጠባጠብ፣
ውሃውን እኔ እከፍላለሁ።
«ለሊቦር ደውል» ላይ ግን ምልክት ማድረጉን ዘነጋሁ፤
እኩለ ሌሊት ሲሆን ሎሌዬ ሱሪውን ሲሰበስብ አየሁ።

አልከለከልኩትም።
አዝሎ አሻገረው።