ቀጠሮ አክባሪው

ጅቡቲ ስንደርስ ባሕሩ የለም።
ጭቃ ላይ በጎናቸው የተኙ ጀልባዎች፣
ሸርጣን የሚያሳድዱ ልጆች።
ዘይቱና ጫማዋን አንጠልጥላ
«ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ?» አለች።
መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ሳቀብን፤
«ሄዷል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል»፣
ሱቅ ደርሶ እንደሚመለስ ጎረቤት።

እኛ የደቻቱ ልጆች
ውሃ ቢሄድ አይደንቀንም፤
ኳስ የተማርነው ወንዙ ሆድ ውስጥ ነው፣
ከከዚራ መጋላ የምንሻገረው በደረቅ እግር።
የደነቀን ቀጠሮ ማክበሩ።

አሥር ሰዓት ሲል መጣ፣
ጀልባዎቹን አንድ በአንድ እየቀሰቀሰ።
ዘይቱና እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ አለቀሰች፤
የኛው የመጣ ጊዜ ሌሊት ነበር፣
በር አላንኳኳም።

ድሬ ስንገባ ድልድዩ ላይ ቆመች፤
የባሕሩን አሸዋ ከጫማዋ
ደቻቱ ላይ አራገፈች።
«ተማር» አለችው።