አጋዘን የማይበላው

መጋቢት ላይ ነፋስ ከባሕር ሲመለስ፣
ችግኝ መሸጫዬ በር ላይ ሰው ሲደርስ፣
ጥያቄው አንድ ነው፣ ዓመት የማይሽረው፦
«ቶርኪል፣ ምን ልትከል አጋዘን የማይቀምሰው?»

ከስኮትላንድ ማዶ፣ ማዕበል የከበባት
ደሴታችን ጠባብ ናት፣ አንድ መንገድ ያላት፣
ከሰው አጋዘኑ በቁጥር የሚበልጥባት።
ሌሊት ይወርዳሉ ጭጋግ ተከናንበው፣
አጥሩን እንደ ጉድባ በአንድ እመርታ ዘለው፤
የሰው ልፋት ግጠው ጎህ ሳይቀድ ይሄዳሉ፣
በኮቴያቸው ማኅተም «ደርሶናል» እያሉ።

መልሴም የአባቴ ነው፣ ከእሱ የወረስኩት፣
ሱቁን ከነዕዳው ሲተውልኝ ያገኘሁት፦
«በዓይንህ አትምረጥ፣ በአፍንጫቸው እንጂ፤
አንተ ሽቶ ያልከው ለእነሱ ነው ፈጂ።
የጥብስ ቅጠል ውሰድ፣ ላቬንደር፣ ጦስኝ፣
ጤና አዳምም አለ፣ ይኸው የእሱ ችግኝ፤
ጠጉራም ቅጠል ያለው ምላስ ይከረክራል፣
ዳፎዲልም መርዙን ከሥሩ ቋጥሯል።
ቱሊፕን ግን ተወው! ቱሊፕ ለአጋዘን
የተነጠፈ ድግስ ነው፣ በነጻ የሚታደን።
ደግሞም የበረዶው ክረምት ሆዳቸው ከጮኸበት፣
አያነቡልህም የእኔን ወረቀት፤
ለተራበ አንጀት ማር ትሆናለች ሬት።»

ማክሰኞ ለት ኢሽቤል በዝናብ መጣች፤
ብስክሌቷን ከግንቡ አስደግፋ ቆመች።
ባሏ ሩሪ ሞቶ ስድስት ወር አለፈ፤
አርባ ዓመት ቃታ ስቦ አጋዘን ያረገፈ፣
ጥይት የማያባክን፣ ቃል የማያባክን፣
ሰላምታችንን እንኳ በግንባሩ የሚመልስልን።
መራራ ሰው ነበር፤ እኛ እንዲያ ነው ያልነው፣
እንደ ዳፎዲል ሥር ሳንቀምስ የተውነው።

«መቃብሩ ላይ» አለች፣ «ቱሊፕ ተክዬ ነበር፣
ቀይ ቱሊፕ፣ እሱ የሚወደው፣ ከድንጋዩ ሥር።
አንድ እምቡጥ አልቀረም፤ አገዳው ብቻ ቆሟል፣
በመቀስ የተከረከመ ጥፍር መስሏል።»

ምላሴ አያርፍም፣ «ብድር በምድር» አልኩ፤
ወዲያው ቃሌን ልውጥ አፌን ከደንኩ።
ኢሽቤል አልሳቀችም።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ሰማን።
የዳፎዲል ማሰሮ አነሳሁ በእፍረት፦
«ይኼን አይነኩትም፤ ይኼን ትከዪለት።»

የጥብስ ቅጠሉን በጣቷ አሸች፤
አሸተተች፤ ቆይታ፣ ቀስ ብላ አለች፦

«ያ ክፉ ክረምት ትዝ ይልሃል፣ መርከብ የቀረበት?
ሩሪ ከጓዳችን ድንች ይሰርቅ ነበር ሌሊት።
በጆንያ ተሸክሞ ሽቅብ ወደ ተራራው፤
ሲመለስ ቦት ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣
እንዳልወጣ ሆኖ ይተኛል አጠገቤ።
እኔም እንዳልነቃሁ ሆንኩ።
ጠዋት ግን በበረዶው ላይ የእጁን ጓንት አየሁ፣
ዙሪያውን ኮቴ ብቻ። አልጠየቅኩ።
ለመግደሉ ደመወዝ ነበረው፣ በወር በወር፤
ለማብላቱ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ ምስክር።
እና አሁን ለእሱ መራራ ልትከል?
ደጁን ልዝጋበት?

ለቤቴ ዳፎዲሉን፣ የጥብስ ቅጠሉንም፤
ጎመኔን አልሰጥም!
ለእሱ ግን ቱሊፕ ስጠኝ፣ ቀዩን፣ ያበበውን፤
ይምጡ፣ ይብሉ፤ እሱ ያውቃል የሚያደርገውን።»

ግማሽ ዋጋ ተቀበልኩ።
በነጻ ውሰጂ ብላት ትቆጣ ነበር፤
ኢሽቤልን የማያውቅ የለም።

ትናንት ማለዳ ወደ ወደቡ ስወርድ፣
በመቃብሩ አጥር፣ በጭጋጉ መንገድ፣
አንዲት አጋዘን አየሁ፤ እርጉዝ ሳትሆን አትቀርም፣
ከድንጋዩ ፊት ቆማ፤ አየችኝ፣ አልሸሸችም።
አፏ ላይ ቀይ ነገር ነበረ።
ከቀብር እንደዘገየች ለቀስተኛ አንገቷን ደፍታ
ቀስ ብላ አኘከች።

ኮፍያዬን አወለቅሁ፤
ለማን እንደሆነ እንጃ።